ፍርፋሪ ኩፍ ብሏል

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዘንድሮ ክረምቱ ጨክኗል፤ ይኸው ብርዱ በበሩ ስር ሾልኮ እየገባ እግሬን ይቆረጥመኛል። አንተ፣ በሩን መለስ አድርግልኝ። አንቺ ደግሞ ታናሽሽን እቅፍ አድርጊው፤ አፍንጫው በረዶ ሆኗል። ተመቻችሁ? እንግዲያውስ ስሙኝ። መምህራችሁ ከመጽሐፍ ያነቡላችኋል፤ እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የማወራላችሁ ከሆዴ ነው። የዛሬው ወሬዬም እንዲህ ባለ ብርድ የሆነ ነገር ነው።

እሺታ የምትባል ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ ከአንድ ትንሽ ዳቦ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። እናቷ ዳቦ ጋጋሪ ናት። አባቷ የሩቅ መንገድ ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

እሺታ እውነተኛ ስሟ አልነበረም። ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ለምን መሰላችሁ?

«ውሃ ቅጂ!» ሲሏት «እሺ!»

«ጫማሽን አንሺ!» ሲሏት «እሺ!»

አፏ ፈጣን ነው። እጇ ግን አይከተለውም። እሺ ካለች በኋላ ውሃውም ሳይቀዳ፣ ጫማውም መንገድ ላይ እንደተጋደመ ይቀራል። አንቺ ምን ያስቅሻል? እናንተም ቤት እሺታ አለች እንዴ?

እሺታ አንድ ውሻ ነበራት። ስሙ ፍርፋሪ ይባላል። ቡችላ ሳለ ከዳቦ መደርደሪያው ስር ገብቶ ፍርፋሪ ሲለቃቅም ነው የተገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙም ፍርፋሪ፣ ቤቱም ዳቦ ቤቱ ሆነ። ቡናማ ነው። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ወድቋል። ሁልጊዜ አንድ ነገር ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ ይመስላል።

እናቷ ለፍርፋሪ ለብቻው ትንሽ ድስት ነበረቻት። ሩዝ፣ ከሥጋ ቤት የሚሰጣትን ቁርጥራጭ ሥጋና ካሮት ትቀቅልለታለች። ጨው አትጨምርም። ሽንኩርት ጭራሽ አታስገባም። ልብ በሉ ልጆቼ፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። ቸኮሌትም ለእናንተ ጣፋጭ ነው፣ ለእሱ መርዝ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰበር መርፌ ይሆንና አንጀቱን ይወጋዋል። «እኔ ስበላ አሳዘነኝ» ብላችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ አትወርውሩለት። ውሻ የሚበጀውንና የማይበጀውን አይለይም፤ የሰጣችሁትን ሁሉ አምኗችሁ ይውጣል።

አምኗችሁ ነው ያልኩት። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

እንግዲህ ከዳቦ ቤቱ ጎን አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆች «አባባ መርፌ» ይሏቸዋል፤ መርፌ ከከንፈራቸው አይጠፋም ነበር። እኚህ ሰው ከፍርፋሪ ጋር ተጣልተዋል። አንድ ቀን ለራሳቸው አዲስ ሱሪ ሰፍተው፣ ለብሰው፣ ዳቦ ገዝተው ሲወጡ ፍርፋሪ ዘሎ ተንጠለጠለባቸው። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ተተረተረ!

«ይሄን ውሻ አንድ ቀን አንድ ነገር አደርገዋለሁ!» ብለው ጮኹ። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ።

ግን ፍርፋሪን መዝለል ማን አስተማረው? እሺታ ናታ! ቁራሽ ዳቦ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ እሱ ይዘላል፤ እሷ ትስቅና ትሰጠዋለች። እንግዲህ እሱ ምን ያውቃል? ዳቦ የያዘ ሰው ሁሉ «ዝለልብኝ» የሚል ይመስለዋል። ውሻ ያተረፈበትን ነገር ይደግማል። ሲዘል ከሰጣችሁት ይዘላል፤ ቁጭ ሲል ከሰጣችሁት ቁጭ ይላል። አባባ መርፌ ግን ይህን አያውቁም፤ እሺታም አልነገረቻቸውም።

ያን ቀን ብርዱ ሊጥ እንኳ የማያስነሳ ነበር። እናት ሊጡን በትልቁ ሳፋ አቡክታ ከመጋገሪያው አጠገብ አስጠጋችው፤ በጨርቅም ሸፈነችው። ከፊት ለፊት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃታል።

«እሺታ!»

«አቤት!»

«የፍርፋሪ ድስት በስሏል። አውርጂና አቀዝቅዢለት። በእጅሽ ጀርባ ነክተሽ ለብ ሲል ስጪው። ውሃውንም ቀይሪለት። ሊጡን ደግሞ እያየሽ፤ ውሻው አጠገቡ እንዳይደርስ!»

«እሺ!»

እናት ወደ ደንበኞቿ ሄደች። እሺታ የድስቱን ክዳን ብትከፍት እንፋሎቱ ፊቷን መታት። ገና ብዙ መጠበቅ ሊኖርባት ነው። ከውጭ ደግሞ የጓደኞቿ ድምፅ ይሰማል፤ ገመድ እየዘለሉ ነው።

«እሺታ! ተራሽ ደረሰ! ካልመጣሽ ተዘለልሽ!»

ፍርፋሪ ከእግሯ ስር ቁጭ ብሎ ያያታል። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ ሌላው ወድቋል።

እሺታ ድስቱን አየች። ሊጡን አየች።

«ያው ዳቦ አይደል እንዴ?» አለች ለራሷ። «አሁን ሊጥ፣ ቆይቶ ዳቦ።»

ጨርቁን ገለጥ አደረገችና በሁለት እጇ ዘግና ሰጠችው። ፍርፋሪ ሳያኝክ ዋጠው። አሁንም ያያታል። ደገመችለት። ያንንም ዋጠው። ከዚያ ይቺ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ምን አደረገች መሰላችሁ? እጇን ውሃ ነክራ የሊጡን ፊት ደባበሰችው። ማንም የነካው አይመስልም፤ እናቷ ያስተማረቻትን ሙያ ለዚህ አዋለችው። የድስቱን ምግብ ደግሞ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችና ባዶ የዱቄት ከረጢት ደፋችበት። ሮጠችም።

ተራዋ አላለፈም። ጥሩ ዘለለች።

ስትመለስ እናቷ ከፊት ሆና ጠየቀቻት፦ «ሰጠሽው?»

«እሺ… ሰጥቼዋለሁ።»

«በላልሽ?»

«ሙልጭ አድርጎ!»

ይኸው፣ ውሸቱ እንደዚህ ነው የጀመረው። እንዲህ ያለች አጭር ነገር።

እሺታ ወደ ጓሮ ስትወጣ ፍርፋሪ ስሙን ብትጠራውም አልመጣም። ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «እኽ… እኽ…» ይላል፤ ሊያስመልሰው ይታገላል፣ ምንም አይወጣም። ምራቁ ይዝረበረባል። ሆዱን ብትነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እሱ፣ በሕይወቱ አጉረምርሞባት የማያውቀው፣ «እርርር» አላት።

እሺታ እጇን ሰበሰበች። ደነገጠች።

ልጆቼ፣ ውሻ አመመኝ ብሎ አይነግራችሁም። ጥግ ይፈልጋል፤ ምግብ ይተዋል፤ የሚወዳችሁ እንኳ ቢሆን ሲነኩት ያጉረመርማል። ያ ክፋት አይደለም፣ ሕመም ነው። ያን ጊዜ አትጎትቱት፣ አትምቱት፣ ፊታችሁን ወደ ፊቱ አታስጠጉ። ሮጣችሁ ትልቅ ሰው ጥሩ።

እሺታም ሮጣለች፣ ይህን አልክድባትም። እናቷ ዘንድ ደረሰች። እናት ዳቦ እያነሳች ለሰው ትሰጣለች። እሺታ አፏን ከፈተች። ግን «ሊጥ አብልቼው ሆዱ ተነፋ» ብትል የድስቱ ምግብ ይመጣል፤ የዱቄቱ ከረጢት ይመጣል፤ ገመዱ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ቃል መረጠች።

«እማዬ፣ ፍርፋሪ ኩፍ ብሏል።»

እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ ሊጥ ሲነሳ ኩፍ አለ እንላለን። ሰው ተቀይሞ ከንፈሩን ሲጥልም ኩፍ አለ እንላለን። እናት የሰማችው ሁለተኛውን ነው።

«ደግሞ በማን? ምን አድርገሽው ነው?» አለች እየሳቀች። «ተይው፣ ኩርፊያው ሲያልፍለት ራሱ ይመጣል።»

ከተሰለፉት አንዱ «የዳቦ ቤት ውሻ ኩፍ ቢል ምን ይገርማል!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እሺታም አብራ ሳቀች። «በቃ ነግሬያታለሁ» አለች በልቧ።

ይሄ መናገር ነው? እናንተው ፍረዱ። እናቷ እንዳልገባት እያወቀች ዝም አለች። ውሸት አላወራችም፤ እውነቱንም አላደረሰችም።

ወደ ውስጥ ገባች። ዓይኗ ሳፋው ላይ አረፈ። ጨርቁ ቅድም ጠፍጣፋ ነበር፤ አሁን መሃሉ እንደ ሆድ አብጦ ተነስቷል። ጨርቁን ብትገልጠው ሊጡ ጠርዙን አልፎ ሊፈስ ደርሷል። እናቷ ሁልጊዜ የምትለው ትዝ አላት፦ «ሊጥ ሙቀት አግኝቶ ማን ያስቆመዋል!»

ከመጋገሪያው አጠገብ ይሞቃል። የውሻ ሆድ ውስጥስ?

እሺታ እዚያው ቁጭ አለች። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሆና ይህን እንዴት አላሰበችውም! ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ዓይኗን ጨፍና «እግዜርዬ፣ ፍርፋሪን አድንልኝ፤ ሁለተኛ አልዋሽም። እማዬ ግን እንዳታውቅ» አለች።

እግዜር ጆሮ አልቸገረውም ልጆቼ። የሚጠብቀው የእሷን አፍ ነበር።

ይህን ስትል ከፊት ለፊት ጩኸት ተሰማ። ፍርፋሪ እየተንገዳገደ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። አንዱ እግሩ ወደዚህ ይላል፣ ሌላው ወደዚያ።

«ሰክሯል እንዴ?» አለ አንዱ።

ሳቁ ሳያልቅ ፍርፋሪ ተዘረረ። እናት ዳቦውን ጥላ ወጣች። ሆዱን ነካች፤ ዓይኑን አየች፤ ፊቷ ነጣ።

«መርዝ ነው! መርዝ አብልተውታል!»

በዚህች ሰዓት ማን ቢገባ ጥሩ ነው? አባባ መርፌ፤ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ዳቦ ሊገዙ።

እናት ቀና አለች። እሳቸውን ሁልጊዜ «አባባ፣ እርስዎ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ነበር የምትላቸው። ያን ቀን ግን፦

«አንተ!» አለቻቸው። «አንተ ነህ! የዛትከውን አደረስክ!»

አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት «አንተ» ተባሉ። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዳንዶቹ ግን «እውነቷን ነው፣ ሲዝት ሰምቻለሁ» ተባባሉ። አንዲት ሴት ደግሞ «እንዲህ ላለ ሰው ነው ቀሚሴን የሰጠሁት? ጨርቄን ዛሬውኑ እወስዳለሁ!» አለች።

«እኔ እኮ…» አሉ አባባ መርፌ። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከስፌት መኪናዬ አልተነሳሁም፣ ልጄ።»

ማንም አልሰማቸውም። ዘንቢላቸውን ባዶውን ይዘው ወጡ።

እሺታ የት ነበረች? ከበሩ ኋላ። ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ሰውየው ነጻ ይወጡ ነበር። «አሁን እናገራለሁ» ትላለች፤ ምላሷ ይተሳሰራል። «ይሄ ሰው ይውጣና እናገራለሁ» ትላለች፤ ሌላ ይገባል። እንዲህ እያለች አባባ መርፌ በፊቷ አለፉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያኔ ያፈረችውን እፍረት እስክታረጅ አልረሳችውም።

ብዙም ሳይቆዩ ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። ወፍራም የኮት ጨርቅ ታቅፈዋል። ፍርፋሪ አጠገብ ዘረጉት።

«ምን ልታደርግ…» አለች እናት።

«ስድቡን በኋላ ትጨርሺዋለሽ» አሉ። «አሁን ያንን ጫፍ ያዢ። የቀደደው ሱሪዬን ነው እንጂ ነፍሴን አይደለም።»

በጨርቁ ላይ አስተኝተው፣ እሳቸው ከፊት፣ እናት ከኋላ ሆነው ተሸከሙት። እሺታ ከጎን ከጎን ትሮጣለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ወለሉ ብርድ ብርድ ይላል፤ የመድኃኒት ሽታ አለው። ሐኪሟ እጅጌዋን ሰብስባ ፍርፋሪን በብረቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው። ሆዱን መታ መታ አደረገች፤ አፉን ከፍታ አሸተተች፤ ግንባሯን ቋጠረች።

«ምን በላ?»

«መርዝ» አለች እናት፣ አባባ መርፌን እያየች።

«ማን አየ?»

ያየ የለም።

«ስሙኝ» አለች ሐኪሟ። «ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ሳላውቅ ብጀምር ልገድለው እችላለሁ። ቆሜ ባስብም ይሞትብኛል። ይሄን ውሻ የሚያበላው ማን ነው?»

«ልጄ ናት» አለች እናት። «ዛሬም ሩዝ በሥጋ ሰጥታዋለች። ሙልጭ አድርጎ በልቷል፤ አይደል እንዴ እሺታ?»

ሦስቱም እሺታን አዩዋት። አፏ እንደ ልማዱ «እ…» አለ። ግን እሺ የሚባልበት ቦታ አልነበረም።

ያኔ ፍርፋሪ ድምፅዋን ሰማ። ዓይኑን በግማሽ ገለጠ። ጅራቱን ትንሽ አነሳና ጠረጴዛው ላይ ጣላት፤ ዱብ። እንዲህ ያመመው ውሻ፣ ያሳመመችውን ልጅ አይቶ ደስ አለው።

እሺታ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«ሩዝ አልበላም» አለች። «ሊጥ ነው የሰጠሁት። እኔ ነኝ። መርዝ አይደለም፤ አባባ መርፌም አይደሉም። ሩዙን ደፋሁት። ገመድ ልዘል ቸኩዬ ነው።»

እናት አፏን በእጇ ያዘች።

«ያልተጋገረ ሊጥ? እርሾ ያለው?» አለች ሐኪሟ።

«አዎ።»

«ምን ያህል?»

«በሁለት እጄ። ደግሜም ሰጠሁት።»

ሐኪሟ ወዲያው ተነሳች። «ቀዝቃዛ ውሃ! የቀዘቀዘውን ከማቀዝቀዣው አምጪልኝ፣ ቶሎ!»

እሺታ ለምን ቀዝቃዛ እንደሆነ ሳይነግሯት ገባት፤ ሊጥ ብርድ ሲነካው መነሳቱን ያቆማል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ሳትል ሮጠች። ውሃውን አመጣች። ሐኪሟ በጉሮሮው ቱቦ አስገብታ በውሃው እያጠበች ሊጡን በትንሽ በትንሹ አወጣችው። አየሩም ፉ ብሎ ወጣ። እርሾው ሆዱ ውስጥ ፈልቶ አልኮል ሆኖ ነበር፤ መንገዳገዱ ለዚህ ነው። ለካስ እውነትም ሰክሯል!

እናንተ ግን፣ ልጆቼ፣ ውሻችሁ የማይሆን ነገር ቢውጥ በቤታችሁ ላስመልሰው፣ ዘይት ልጋተው፣ ወተት ላጠጣው አትበሉ። ያባብስበታል። ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሩጡ፤ ምን እንደበላ፣ መቼ እንደበላ ሳታጎድሉ ንገሩ። ቶሎ የሚያድነው ያ ነው።

ሐኪሟ «ዛሬ እዚህ ይደር፤ ነገን ካየ ይተርፋል» አለች። ሦስቱ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናት መሃል፣ እሺታ በአንዱ ጫፍ፣ አባባ መርፌ በሌላው። እናት ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አባባ… እርስዎን…» አለች። «እርስዎ» ስትል እንባዋ መጣ። «በሰው ፊት አንተ አልኩዎት።»

«እሱንስ ተይው» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ስትዪኝ ጎረምሳ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ቀልዱን ቀለዱ፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። እሺታ ይህን አየች። ተነስታ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ መርፌ፣ እኔ እኮ ሰምቼ ዝም አልኩ።»

«አዎ» አሉ። «ከበሩ ኋላ አይቼሻለሁ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ነው የወጣሁት።»

ችግር የለም አላሏትም። ምንም አይደለም አላሏትም። የምን ምንም አይደለም! እሺታ ጣሪያው ቢወድቅባትና ቢሸፍናት በወደደች።

«ደግሞ የሱሪዎም…» አለች ድምፅዋ እየጠፋ። «መዝለል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዳቦ ከፍ አድርጌ እየያዝኩ።»

አባባ መርፌ ይህን ሲሰሙ ቅንድባቸው ተነሳ። «ተይ እንጂ! እኔ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ የጠላኝ መስሎኝ!»

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ቤት ሄዱ። ፍርፋሪ ቆሞ ውሃ እየጠጣ ነው! ሆዱ ተስተካክሏል። ሐኪሟ «ለጥቂት ቀን ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ ንጹህ ውሃ አይለየው፤ ወዲያው አይሩጥ» አለች። እሺታ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ እሱ ጆሮዋን ይልሳል።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መሰላችሁ? አላበቃም። ውሻው ዳነ፤ ሰውየው ግን ገና አልዳኑም።

እሺታ ከቤት ሆና በመስኮት ስታይ የልብስ ሰፊው በር ጭር ብሏል። ያቺ ሴት የቀሚስ ጨርቋን ጠቅልላ ስትወጣ አየች። ሌላዋም «ልጆቼን ወደዚያ አልልክም» ስትል ሰማች። ሰው ሁሉ መርዙን ሰምቷል፤ ሊጡን የሰማ የለም።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች እናት።

«እሺ» አለች እሺታ። ወዲያው ግን ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ እማዬ። እኔ ልንገራቸው።»

ዳቦ የሚሸጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች። ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል።

«ፍርፋሪን ማንም መርዝ አላበላውም» አለች። ድምፅዋ አልወጣላትም። እንደገና፣ ጮክ ብላ፦ «ሊጥ አብልቼው ነው የታመመው። እኔ ነኝ። አባባ መርፌ ምንም አላደረጉም። ስትወቅሷቸው እዚያ በር ኋላ ቆሜ ዝም ብያለሁ።»

አንዱ ሳቀ። አንዷ «አንቺ ጉደኛ!» አለቻት። እናቷም ሽርጧን እንዳደረገች ከጎኗ ቆመች። «እኔም እዚሁ፣ በእናንተው ፊት ነው ሽማግሌውን የሰደብኩት። ይቅርታዬንም እዚሁ እላለሁ» አለች። አዲስ የመጣ ሰው ሲኖር እሺታ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በደገመችው ቁጥር ፊቷ እንደ አዲስ ይቀላል፤ ግን አላቋረጠችም።

ያቺ ባለ ቀሚስ ሴት ስትመጣና ስትሰማ ዳቦዋን መግዛት ረሳች። «እኔስ ምን ዓይኔን አሳያቸው?» አለች። እሺታ «አብሬዎት ልሂድ» አለቻትና ጨርቁን ተሸክማላት ሄደች። አባባ መርፌ መርፌያቸውን ከከንፈራቸው አወጡ፤ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ።

«ወገቡ ጠበብ ይበል ብለሽኝ ነበር አይደል?» አሏት ሴትዮዋን። ሌላ ምንም አላሉ።

ከዚያ በኋላማ እሺታ ፍርፋሪን እንደገና አስተማረችው። ዳቦ ከፍ ማድረግ ቀረ። ቁጭ ሲል ብቻ ትሰጠዋለች፤ ሲዘል ዝም ብላ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ሲበላም አትነካካውም። ጊዜ ወሰደባት፤ ግን ቀስ በቀስ ገባው። አንድ ቀን አባባ መርፌ ዳቦ ገዝተው ሲወጡ ፍርፋሪ እግራቸው ስር መጥቶ ቁጭ አለና ቀና ብሎ አያቸው፤ አንዱ ጆሮ ቆሞ፣ ሌላው ወድቆ። እሳቸውም ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ ጠበቁት፤ አልዘለለም። ከዳቦው ጫፍ ቆርሰው ሰጡት።

ፍርፋሪ አፉ ዙሪያ እስኪሸብት ኖረ። አባባ መርፌ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ፍራሽ ሰፍተውለት እርጅናውን በእሳቸው ደጃፍ ተኝቶ ጨረሰ። እሳቸውም ዕድሜ ጠግበው አረፉ፤ በስፌት መኪናቸው አሁን የዚያች ባለ ቀሚስ ሴት ልጅ ትሠራበታለች። እናት ዛሬ አርጅታ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ዳቦውን የምትጋግረው እሺታ ናት፤ የሊጡ ሳፋ ከባድ የእንጨት ክዳን አለው፣ ውሻም ሆነ ልጅ አያነሳውም። ስሟ ያው እሺታ ነው። ልዩነቱ፣ አሁን እሺ ካለቻችሁ ነገሩ ተሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስታጠፉ ቶሎ፣ ሙሉውን፣ በግልጽ ተናገሩ፤ በዝምታችሁ የሚሠቃየውና የሚወቀሰው ምንም ያላጠፋ ሌላ ነውና።